በቂርቆስ ቀን የወጡት ቀለበቶች

ትናንት አንድ የወይራ እስክሪብቶ አበላሸሁ። ገላው አልቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ አንገቱ ላይ የሚወጡት ቀጫጭን ቀለበቶች ብቻ ቀርተውት ነበር። ስሉን መሮ ጠጋ ሳደርገው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ መሮው ዘለለና እንጨቱን ቦጨቀው። የቀሩትን እስክሪብቶዎች ሳልነካ ማሽኑን አጠፋሁና ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ድካሙ የእጅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

አሁን የምሠራው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሙያውን የተማርኩት ግን ካዛንቺስ ነው። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ በቦታው ሰፊ መንገድ አልፎበታል፣ ዳርና ዳሩም አበባ ተተክሎበታል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ በሩ የት ጋ እንደነበረ ለመገመት ሞክሬ ሰለቸኝና ተውኩት።

አሠሪዬ ጋሽ ተክሉ የቶርኖ፣ እንጨት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ማሽን፣ ባለሙያ ነበሩ። የወንበር እግርም የአልጋ ራስጌም ያወጣሉ፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን እስክሪብቶው ነው። ለጡረተኛም ለተመራቂም ስጦታ ይታዘዛል። አንገቱ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቀለበቶች ያወጡበታል። የሚያውቅ ገዢ እስክሪብቶውን ሲያነሳ መጀመሪያ ጥፍሩን በቀለበቶቹ ላይ ያስኬዳል፤ ጥፍሩ ካልተያዘለት «ይሄ የጋሽ ተክሉ አይደለም» ብሎ ይመልሳል።

እኔ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝ ብሎ ወደ እንጨት የዞርኩ ወጣት ነበርኩ። ሁሉንም አስተማሩኝ፤ ቀለበቱን ግን አላስነካ አሉኝ። «ገላውን አንተ አውጣ፣ ጌጡ የኔ ነው» ይሉኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጋሽ ተክሉ ሞኝ አልነበሩም፤ ያችን መሮ ግን አይለቁም። እኔም እሳቸው ምሳ ሲወጡ በቁርጥራጭ እንጨት ላይ ብቻዬን ስለማመድ ከረምኩ።

አንድ ጥር እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ «መብራቱ ኃይል የለውም» አሉ። ቀጥሎ ወይራው እርጥብ ሆነ። በመጨረሻ ጥፋቱ ወደ እኔ መጣ፤ መሮውን በደንብ ያልሳልኩት እኔ ሆንኩ። እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ጌጡ ከቀረ ደንበኛው ይቀራል፤ ደንበኛው ከቀረ ጋሽ ተክሉ ቤታቸው ሊውሉ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ሰው እንዴት አደሩ የሚላቸው በዚያች ሱቅ በር ላይ ብቻ ነበር።

በዚያው ጥር፣ በዓመቱ የቂርቆስ በዓል ዋዜማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለጡረተኞቹ ያዘዘው እስክሪብቶ ያለ ቀለበት ተደርድሮ ነበር። በበዓሉ ማግስት ጠዋት ሊወስዱት ይመጣሉ። ጋሽ ተክሉ አንዱን ሞከሩ፣ ቦጨቁት። ሌላውን አነሱ፣ እሱንም። መሮውን ቀስ ብለው አስቀመጡና እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«ነገ ቂርቆስ ነው፤ ሥራ የለም» አሉኝ። በሩን ቆልፈው ከኪሳቸው ተለይቶ የማያውቀውን ቁልፍ አቀበሉኝ። «ቁልፉ አንተ ጋ ይደር።»

ለምን እንደሰጡኝ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጋሽ ተክሉ የቂርቆስ ማኅበር ጠጪ ናቸው፤ በዕለቱ ምስማር እንኳ አይመቱም። እናቴም በዓል የሻረ እጅ አይባረክም እያለች ነው ያሳደገችኝ። እንዲያም ሆኖ ሰፈርተኛው ታቦት ሊሸኝ ሲወጣ እኔ በተቃራኒው ሄድኩ። የጥር ፀሐይ ከጠዋቱ ይለበልባል፤ መንገዱ አቧራና ነጭ ነጠላ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ትኩስ ፓስቲ ገዝቼ እየበላሁ ሄድኩና በሩን ከውስጥ ዘጋሁ። ወይራ ሲሽከረከር ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። ትንፋሼን ይዤ መሮውን በጫፉ አስነካሁት፤ ቀለበቷ ወጣች። ደስታዬን ዛሬ መናገር ያሳፍረኛል። ማሽኑ ግን ሲጮኽ ዋለ።

በማግስቱ ገና በሩ እንደተከፈተ የጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደረሱ። እግራቸውን ስለሚያማቸው በዓሉን ቤት ነው የዋሉት።

«ጋሽ ተክሉ፣ ትናንት በዓመት በዓሉ ሞተር ሲያስጮኽ የዋለው ማነው?»

ጋሽ ተክሉ እስክሪብቶዎቹን አሁን ገና ማየታቸው ነበር። አንዱን አነሱ፤ ወደ ብርሃኑ አዙረው ጥፍራቸውን አንገቱ ላይ አስኬዱ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ?»

«ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ። ሥራ ቸኩሎብኝ ነው፣ አስካለ።»

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ማኅበሩ ደረሰ። በልጅነታቸው በድቁና በቀደሱበት ደብር አንገታቸውን ደፍተው ተወቀሱ። የነፍስ አባታቸው ስግደት አዘዙባቸው፤ በዚያ ባረጀ ጉልበታቸው ሰገዱ። እኔ ሱቅ ውስጥ ሲያነክሱ እያየሁ ሰጋቱራ እጠርጋለሁ። አንድም ቀን አላነሱብኝም። ቁልፉን መልስም አላሉኝም። ከዚያ ወዲያ ቀለበቱን የማወጣው እኔ ሆንኩ፤ ደንበኛ «ማን ሠራው?» ሲል ግን መልሱ እስኪሞቱ ድረስ ያው ነበር፦ «እኔ ነኝ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኛ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ነቅዟል። እኔን ከወቀሳ ለማዳን ነበር ወይስ ቀለበቶቹን የራሳቸው ለማድረግ? አንዳንድ ዓመት ስወዳቸው፣ አንዳንድ ዓመት ስቀየማቸው ኖርኩ። አንድ ጊዜ «እሱ ነው የሠራው» ቢሉልኝ ይበቃኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሱቄ ስደርስ ልጄ ማርታ ሌሊት ከኪሴ በወሰደችው ቁልፍ ቀድማኝ ገብታ ወለሉን ትጠርጋለች። ቁልፉን ከበሩ ላይ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ቢሮ ከመግባቷ በፊት ብቅ ብላ በቁርጥራጭ እንጨት ላይ መሮ መሞከር ልማዷ ነው። ትናንት ባዶ አንገታቸውን የተውኳቸው እስክሪብቶዎች ቀለበት አውጥተው ተደርድረዋል። ጥፍሬን አስኬድኩ፤ ተያዘልኝ። እሷ ቀና ሳትል መጥረጓን ቀጠለች። በዓል የሻረ እጄን ቂርቆስ ዘግይቶ ያስታወሰው መሰለኝና ለራሴ ሳቅሁ።

ወዲያው ለአለቃዋ ስጦታ የምትፈልግ ወጣት ገባች።

«ውይ አባባ፣ ይሄማ በቃ ልዩ ነው! ማለቴ፣ ይቺን ቀጭኗን ነገር እርስዎ ነዎት የሠሯት?»

«እኔ ነኝ» ማለት ቀላል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሷል። ጋሽ ተክሉ ምን እንደተሰማቸው ያወቅኩት ያኔ ነው። ማዳንም መውሰድም አልነበረም፤ ወይም ሁለቱም ነበር። እጄ ከዳኝ ብለው እስኪያምኑ ድረስ የሚይዙት አንድ ነገር ነበር የፈለጉት። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ፈልጌዋለሁ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ልጄ ናት የሠራችው። ያቻት።»

የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ። ማርታ ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔም ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ በእሷ በኩል አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ።