ሃያ ሰባት ገና የጠበቀ ዱላ

ጎባ ውስጥ ጉተማን የሚያውቅ ሁሉ «አባ ቦራ» ይለዋል። ቦራ የፈረሱ ስም ነበር። ፈረሱ ከእጁ ከወጣ ሃያ ሰባት ዓመት አለፈው፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ጉተማ አናጢ ነው፤ በር ይገጥማል፣ አልጋ ይሠራል፣ ሰው ሲሞት ሳጥን ይመታል። ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም። በርጩማ ላይ ሲቀመጥ እግሩ እንደ ጣውላ ወደ ፊት ተገትሮ ይቀራል፣ የማያውቀው ደንበኛም ይሰናከልበታል። «አይዞህ፣ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም» ብሎ ይስቃል። ሳቁ ከጥርሱ አያልፍም።

ጉልበቱን የሰበረው ደራራ ነው፣ አብሮ አደጉ። ሁለቱም የሃያ አራት ዓመት ጎረምሶች ሳሉ፣ የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ነው የሆነው። ሩሯ፣ የገና ኳሷ ማለት ነው፣ ከሁለቱም አሥር እርምጃ ርቃ ነበር። ደራራ ዱላውን አንስቶ የመታው ግን ጉልበቱን ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ «ቦራን ሽጥልኝ» ብሎ ወትውቶት ጉተማ እምቢ ብሎታል። ጉተማ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያቃስት ሽማግሌዎቹ ምን አሉ? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉ። ደግ አባባል ነው። በዚያች ቀን አሽከር ጌታውን ቢመታ፣ ድሃ ሀብታሙን ቢሰድብ በማግስቱ አይጠየቅም። አባቶቻችን ለድሃ ብለው ያወጡት ሕግ ይመስለኛል። ሕግ ግን ሀብታምን መጥቀም መቼ ያቅተዋል? የዚያን ቀን ያዳነው የባለ ወፍጮውን ልጅ፣ ደራራን ነው።

ጉልበቱ ተንሻፎ ገጠመ። እርካብ መርገጥ ቀረ፣ ቦራም በረት ውስጥ ቆሞ ወፈረ። በመጨረሻ የጉተማ አባት ሸጡት፤ የገዙት የደራራ አባት ናቸው። ለመስቀል ደራራ በቦራ ጀርባ ላይ ሆኖ ሕዝቡ እልል ሲልለት ጉተማ በምርኩዝ ቆሞ አየ። ቤቱ ገብቶ እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ምርኩዙን እየጎተተ ወደ ጫካ ሄደና ጫፉ ቆልመም ያለ ወይራ ቆርጦ ተመለሰ።

ዱላውን ላጠው፣ በእሳት ገራው፣ ጭስ በሚያገኘው ማገር ላይ ሰካው። በየዓመቱ ጾመ ነቢያት ሲገባ ያወርደዋል፣ ቅቤ ይቀባዋል፣ መልሶ ይሰካዋል። እሱ አርባ ሦስት ቀን ሙሉ የማይቀምሰውን ቅቤ ዱላው እስኪጠግብ ይጠጣል። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ደራራ አንድ ዓመት ገና ሊጫወት ወደ ሜዳ ይወርዳል፣ ያኔ እሱን ያዳነው ሕግ ጉተማንም ያድነዋል። ደራራ ግን አልወረደም። ሮቤ ገባ፣ ነገደ፣ ሆቴል ሠራ፣ ገናንም አዲስ አበባ ማክበር ጀመረ። ዱላው ከጭሱ ብዛት እንደ ቡና ጠቆረ።

ሚስቱ አሰፋሽ የዱላውን ነገር ታውቃለች። በትዳራቸው የመጀመሪያ ዓመት «ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው፣ «የገና ዱላ ነው» አላት፣ ዐይኑን አይታ ደግማ አልጠየቀችም።

እንግዲህ ባለፈው ኅዳር መጨረሻ የደራራ መኪና ከጉተማ ደጅ መጥታ ቆመች።

«አባ ቦራ! አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ?» አለ ደራራ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ።

«ነጋ፣ ደህና» አለ ጉተማ፣ መላጊያውን ሳያስቀምጥ።

«ዘንድሮ ገናን ጎባ ላይ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። መድረክ አለ፣ ዲጄ አለ፣ የቢራ ድንኳን አለ። ባህላችንም እንዳይቀር የገና ጨዋታ ይኖራል። አርባ ዱላ ሥራልኝ፤ የሆቴሉ ስም ይተኮስበት፣ ሰው ፎቶ ይነሳበታል።»

«ማን ነው የሚጫወተው?»

«የሆቴሉ ልጆች። የምከፍተው ግን እኔ ነኝ። የገና አባት ልብስ ተከራይቻለሁ፣ ቀይ በቀይ፣ ጢም ያለው። ሩሯን መጀመሪያ የምመታት እኔ ነኝ።»

የጉተማ እጅ መላጊያው ላይ ቆመ። «እኔም ልግባ» አለ። «ካንተ ፊት ለፊት።»

ደራራ የተገተረውን እግር አየና ሳቀ። «በዚህ እግርህ? ግባ፣ ሰው ይወደዋል። ለመሆኑ ምን ነበር ያገኘህ? ከፈረስ ወድቀህ ነው አይደል?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ጉተማ ተረቱን ሺህ ጊዜ ሰምቷል፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን እውነት መሆኑን አላመነም ነበር። ቢያንስ ሌሊት ሌሊት ሳይቆረቁረው አይቀርም እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ለካስ ሰውየው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ደህና እንቅልፍ ሲተኛ ኖሯል። መኪናዋ ከሄደች በኋላ ጉተማ ከንዴቱ ብዛት የያዘውን ጣውላ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ላገው።

አርባውን ዱላ ሠራ። ማታ ማታ ደግሞ አርባ አንደኛውን አውርዶ ያሸዋል። አሰፋሽ አንድ ምሽት ሽሮዋን አቅርባለት ቆማ አየችው።

«ሰውዬ፣ ይህን ጾም ለማን ነው የምትጾመው?»

«ለተወለደው ነዋ።»

«የተወለደውማ በበረት ነው የተወለደው፣ ዱላም አልያዘም። ደራራን ገናን ለቢራ ሸጠው ብለህ ስትሰድበው ትውላለህ። እሱ ለቢራ አዋለው፣ አንተ ለጉልበት። ልዩነታችሁ አልታይህ አለኝ።»

«ጉልበቱ ያንቺ ስላልሆነ ነው» አላት። ሽሮው ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ከአጥሩ ማዶ ማሜ ይኖራል። የሪራ መንደር ልጅ ነው፤ በደራራ ሆቴል ዘበኛ ሆኖ ሮቤ ይውልና በታክሲ ጎባ ይገባል። ከግዝፈቱ የተነሳ ደራራ ካፖርቱ ሲያረጅበት የሚሰጠው ለእሱ ነው፣ ከሠራተኛው ሁሉ ልኩ የሚሆነው ሌላ የለምና። ጉተማ ብቻውን የማያነሳውን ግንድ ማሜ በትከሻው አምጥቶ ይጥልለታል። ሚስቱ ዙህራ ከሪራ ማር ሲመጣላት የአሰፋሽን ድርሻ አስቀድማ ትለያለች። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ባይገናኝም፣ የገና ዳቦ አጥሩን ሳይሻገር የቀረበት ዓመት የለም። በዓሉ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ማሜ መጥቶ አርባውን ዱላ መኪና ላይ ጫነ።

«ጋሽ ጉተማ፣ ይጫወታሉ አሉ?» አለ እየሳቀ። «ወላሂ ሮጬ ነው የማየው።»

የገና ዕለት ጉተማ ቅዳሴ አስቀድሶ ወጣ። የተሰበከውን ከጠየቃችሁት አንድ ቃል አያስታውስም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ሌላ አገር ሆኖ ጠበቀው። ሳነቴ ተራራ ላይ የወረደው ውርጭ ገና ሳይቀልጥ የደራራ ሰዎች ፕላስቲክ ዛፍ አቁመው ጥጥ እንደ በረዶ በትነውበታል። ጎን ለጎን የቆመው እውነተኛ ጥድ የቢራ ማስታወቂያ መስቀያ ሆኗል። ከፊት ያሉት ወንበሮች በገመድ ታጥረው «ለክብር እንግዶች» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። በረት ውስጥ የተወለደው ሕፃን እዚያ ሜዳ ላይ ማረፊያ ቢጠይቅ፣ እንደ ቤተልሔም ሰዎች «ሞልቷል» ባሉት ነበር። ጉተማ ይህን ሁሉ አይቶ ተናደደ፤ ንዴቱም ደስ አለው፣ ለክንዱ ኃይል ይጨምርለታልና።

በስምንት ሰዓት ድምፅ ማጉያው ተንጫጫ። «የገና አባታችን፣ የበዓሉ አዘጋጅ፣ አቶ ደራራ!» ተባለ። ከድንኳኑ ኋላ ቀይ የለበሰ ግዙፍ ሰው ወጣ፤ ነጭ ጢም፣ ጥቁር መነጽር፣ እስከ ቅንድብ የወረደ ቆብ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀዩ ሰው በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ወደ መሐል መጣ፣ የሆቴሉ ስም የተተኮሰበትን ዱላ ይዞ።

ጉተማ ከፊቱ ቆመ። ጥቁሩን ወይራ በሁለት እጁ ጨበጠ። ሩሯን ጣሏት። ቀዩ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊመታት ሲል ጉተማ ሩሯን አላያትም። ያየው ቦራን ነው፣ ደራራን ተሸክሞ፣ እልልታው ውስጥ። በዱላው የቀዩን ሰው ግራ ጉልበት አለው። ሃያ ሰባት ዓመት በጆሮው ሲሰማው የኖረው ድምፅ ነው የተሰማው፣ ያው ራሱ። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ ነፍሱ ጠገበች።

ቀዩ ሰው ወደቀ። ሕዝቡ ሳቀ። ያን ጊዜ በድምፅ ማጉያው አንድ ድምፅ መጣ፦

«አይዞን! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!»

የደራራ ድምፅ ነው። ከመሬት አይደለም የመጣው፣ ከመድረኩ ነው። ጉተማ ቀና ሲል ደራራ ነጭ ጫማውን አድርጎ፣ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ ፕላስቲኩ ዛፍ ሥር ቆሟል።

ጉተማ ወደ ወደቀው ሰው ጎንበስ አለ። ጢሙ ተገንጥሎ አገጭ ሥር ተንጠልጥሏል፣ መነጽሩ ጭቃ ውስጥ ነው።

«ጋሽ ጉተማ» አለ ማሜ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ እኮ። አቶ ደራራ ሜዳው ጭቃ ነው ብለው አንተ ልበሰው አሉኝ… ምን በደልኩዎት?»

ሰው አሁንም ይስቃል። ሽማግሌዎቹም «ጨዋታ ነው፣ ጨዋታ ነው» ይላሉ። ዝም ቢል ኖሮ ጉተማ በዚያው ነጻ ይወጣ ነበር፤ ሕጉ አለለት፣ ምስክሩ ሕዝቡ ነው፣ ደራራም በማይክሮፎን ፈርዶለታል።

«ጨዋታ አይደለም» አለ። አልተሰማም። ደግሞ ጮኸ። «ጨዋታ አይደለም! ሆን ብዬ ነው የመታሁት! አንተን መስሎኝ ነው ደራራ፣ አንተ ሆን ብለህ እንደ ሰበርከኝ!»

ሳቁ ጠፋ። ይህችን ቃል፣ «ሆን ብዬ ነው» የምትለውን፣ ከሌላ ሰው አፍ ሊሰማ ሃያ ሰባት ዓመት ጠብቆ ነበር። ከራሱ አፍ ወጣች።

«አባ ቦራ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩህ?» አለ ደራራ። ሊያሾፍ አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። ከዚያ ለዲጄው በእጁ ምልክት ሰጠ፣ ዘፈኑም ቀጠለ።

ማሜን በቃሬዛ ሆስፒታል ያደረሱት ጉተማና ሦስት የሰፈር ሰዎች ናቸው። ጉተማ በማይታጠፍ እግሩ እየተንከላወሰ የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ለማንም አልለቅም አለ። የማሜ ጉልበት ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል ተባለ፣ ጀሶ ገባለት። በማግስቱ ከሆቴሉ ሰው መጣ፤ ጉተማ ሊጠይቀው መስሎት ቦታ ለቀቀለት። ለካስ የኪራይ ልብሱን ሊወስድ ነው። ሱሪው በመቀስ ተቀዶ ሲያገኘው እጅግ አዘነ፣ ለሱሪው። በሳምንቱም የሆቴሉ በር ላይ ሌላ ዘበኛ ቆመ።

ጉተማ በየጠዋቱ ሆስፒታል ሄደ። ምርኩዝ ሠርቶ ወሰደለት፣ ከሠራው ሁሉ የተሻለውን። ማሜ እንደ ደግ ሰው «አፉ ብያለሁ ጋሼ፣ አላህ ያመጣው ነው» አለው፣ እጁንም ያዘው። ዙህራ ግን እጇን አልሰጠችውም። አሰፋሽ የላከችውን ምግብ ትቀበላለች፣ ሳህኑን አጥባ ትመልሳለች፣ አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችውም። እግዜር ይስጥልኝም የለ፣ እርግማንም የለ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

የከተራ ዕለት ማሜ ቤቱ ገብቶ ነበርና ጉተማ ጥቁሩን ዱላ ይዞ አጥሩን ዞረ። ዙህራ ምድጃው አጠገብ ነበረች፣ እሳቱ ይነዳል።

«ዙህራ» አለ፣ ዱላውን በሁለት እጁ አቀረበላት። «ይኸው። በዓይንሽ እያየሽ አንድጂው። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ ማንንም አይጠቅምም።»

ዙህራ ተነስታ ተቀበለችው። በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ከብዙ ዓመት ቅቤ የተነሳ ለስልሷል። ከዚያ ከገና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ጉተማን አየችው፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥላ ቀኝ ጉልበቱን፣ ደህናውን።

እሳቱን አልፋ ሄደች። በርጩማ ላይ ወጣች፣ ጭስ በሚያገኘው ማገር ላይ ዱላውን ሰካችው፣ ወርዳም ሥራዋን ቀጠለች።