ዱበርቲ ከድጃ ያልፈቀደችው ድምፅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሸሁም፣ ለልጆቼም፣ ለመንገድ ጓደኛም። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። «አያቴ ናት ብለሽ እንዳታለሳልሽልኝ» ብዬ አደራ ሰጥቻታለሁ።

እግሬ አርፎ አያውቅም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ዛሬ አምባሰል፣ ነገ ሐይቅ ገበያ፣ ሰደቃ ያለበት፣ ለቅሶ ያለበት ስዞር ነው የኖርኩት። እስላም ብሆንም ከግሸን ተጓዦች ጋር እስከ ተራራው ግርጌ የሄድኩበት ጊዜ አለ፤ ወሬያቸው ደስ ይለኛል። ሂሩት የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ «አገሩን የሚያውቅ ሰው» ስትል ወደ እኔ አመጧት። የምትማረው የሃይማኖት ጥናት ነው። እኔ ሃይማኖት ይያዛል እንጂ ይጠናል ብዬ አላውቅም።

«ልትመነኩሺ ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «አይ እማማ፣ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያምን ነው የማጠናው።»

ጥሩ ልጅ ናት። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ሳታስፈቅድ የማንንም ድምፅ አትቀዳም። ዱአ ያለበት ሁሉ ይዣት ዞርኩ። «እማማ ዘሀራ፣ እርስዎ እኮ አስተማሪዬ ነዎት» ትለኛለች። እኔን! የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ የማላውቀውን! ልቤ አበጠ። ያበጠ ልብ ምን የማያደርገው አለ?

ጓደኛዬ ከድጃ ዱበርቲ ነበረች፤ ምጥ ሲጠና ተጠርታ ዱአ የምታደርግ ሴት። እኛ ጋ፣ የሐኪም ቤት መኪና እስኪመጣ እንኳ ቢሆን፣ ዱበርቲዋ ቤት ውስጥ ያሉትን ሴቶች፣ እስላሟንም ክርስቲያኗንም፣ በየተራ «በዚህች ልጅ ላይ የያዝሽውን አውጪ» ትላለች። ያወጣችው አውፍ ትባላለች፣ ይቅር ትባላለች። የታመቀ ቂም ልጁን ይይዘዋል ይባላላ። እዚያ የተነገረ እዚያው ይቀራል። ከደጃፍ አያልፍም።

ሂሩት ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። ሄጄ ዱአው በስልክ ይቀዳ ብዬ ከድጃን ለመንኳት።

«ዩኒቨርሲቲውን ምጥ ይዞታል እንዴ?» አለችኝ። «ከያዘው ይምጣ፣ ዱአ አደርግለታለሁ። ካልያዘው አርፎ ይቀመጥ።»

«ለትውልድ ይቀመጣል እኮ፣ ከድጅዬ።»

«ትውልዱን እኔው አይደለሁ የማስወልደው? አይሆንም ብያለሁ ዘሀራ። ደግመሽ ጠይቂኝና ዱላዬን ታገኚያታለሽ።»

ሳቅን። ከዚያ ወደ ሂሩት ሄጄ «ፈቅዳለች» አልኳት። «ብቻ እንግዳ አትወድም፤ ስልኩን ለኔ ስጪኝ።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

የሰፈራችንን ልጅ ሰዓዳን ምጥ የያዛት ቀን ስልኩን ነጠላዬ ስር ይዤ ገባሁ። ሴቶቹ በየተራ ያላቸውን ተናገሩ። የጎረቤቷ የብርቄ ተራ ሲደርስ ወደ በሩ ፈቀቅ አለች። ብርቄ ክርስቲያን ናት፤ መውለድ እምቢ ያላት ሴት።

«ብርቄ፣ ልጅቱ እየተጨነቀች ነው» አለቻት ከድጃ።

ያኔ ወጣላት። «ግሸን ወጥቼ፣ የሰዓዳን ወስደሽ ለኔ ስጪኝ ብዬ እመቤቴን ለምኛለሁ። ቀንቼብሽ ነው፣ ሰዓዳ። በሆድሽ ቀንቼ ነው።»

ሰዓዳ በዚያ ጭንቅ መሐል እጇን ዘረጋችላት። «አውፍ ብዬሻለሁ፣ እህቴ። ያዢኝ።»

ብርቄ እንደያዘቻት ልጁ ተወለደ። ያላለቀሰ አልነበረም። እኔም አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ስልኩ ከነጠላዬ እንዳይወድቅ በክንዴ ጠበቅ አደረግሁት። ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ በዚያች ሰዓት?

ሂሩት በጽሑፏ የሰው ስም አላነሳችም። ድምፁን ግን ለክፍል ጓደኞቿ አሰማች፤ ተፈቅዷል ብያታለሁና። ከነሱ መሐል የሐይቅ ልጅ ነበረ፣ የብርቄን ድምፅ አወቀው። ወሬው በስልክ ከሱ ቀድሞ ሰፈራችን ገባ፤ ብርቄ ያለችው ተወራ እንጂ ከምን እንደተሰማ ማንም አልጠየቀም። የሰዓዳ ባል ከሳውዲ በቅርብ የተመለሰ ነው። ሰዓዳ «እኔ አውፍ ብያታለሁ፣ አንተ ምን አገባህ?» ብላ ብታለቅስ አልሰማትም፤ «ልጄን ልታስጨርስብኝ!» እያለ በሁለቱ ቤት መሐል ቆርቆሮ አቆመ። ብርቄን ሰላም የሚላት ጠፋ። ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ጭና ወደ ውጫሌ ሄደች።

ምስጢሩን ያወጣችው ከድጃ ናት ተባለ። ዱበርቲዋ ካላወጣችው ማን ያወጣዋል? ከድጃ ሰው መሐል ቆማ ወላሂ አለች። ስትምል አጠገቧ ነበርኩ፤ ክንዷ ክንዴን ይነካል። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። አላልኩም። ከዚያ ወዲያ ለምጥ የሚጠራት እየሳሳ ሄደ። ቢጠሯትም ሴቶቹ «ቂም የለኝም፣ ቂም የለኝም» እያሉ ተራቸውን ያሳልፋሉ። ነጠላ ነጠላዬን እያዩ አፋቸውን የሚዘጉ ይመስለኝ ነበር፤ እነሱ ግን የሚያዩት ከድጃን ነው።

ሂሩት ትምህርቷን ስትጨርስ መጣች። የጽሑፏን የመጀመሪያ ገጽ ገልጣ አነበበችልኝ፤ አስቀድማ ያመሰገነችው እኔን ነው። «አላህ ያሳድግሽ» አልኳት። ምን ልበላት?

ከድጃ ታመመች። አገራችን ላይ ሊሞት የተቃረበ ሰው፣ የሚጠይቀውን ሁሉ «አውፍ በሉኝ» ይላል። እኔ ስገባ ከድጃ ክስት ብላ ነበር፤ ዱላዋ ግድግዳ ተደግፋለች። እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

«ዘሀራዬ፣ ዱላ አንስቼብሻለሁ፣ በአፌም አስቀይሜሽ ይሆናል። አውፍ በይኝ።»

እሷ ናት እኔን የምትለምነው። የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ጊዜ እንደሌለ አውቄያለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ አልዋሽም።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አልኳት።

ስልኩን የደበቅሁት ልቤ አብጦ ነው። ስትምል ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ይሄኛው ግን ምን ይባላል? በዳይዋ እኔ ሆኜ፣ የበደልኳትን ይቅር አልኩ። እሷም አመስግናኝ ሄደች።

እናንተን አውፍ በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ከከድጃ ጋር አኺራ፣ በወዲያኛው ዓለም፣ እንገናኛለን። ሂሩትም ይህን ታንብበው፤ ምስጋናዬን ትፋቀው። ሰዓዳ ከዚህ ሩቅ አይደለችም። ብርቄ ውጫሌ አለች፤ መኪና ቶሎ ያደርሳል። ግሸን ግርጌ ድረስ የሚሄድ እግሬ ወደሷ ብቻ አልነሳ ብሎኝ ከረመ።

የልጅ ልጄ መጻፏን ትታ ታየኛለች። «ጻፊ» አልኳት። «ስትጨርሺ ነጠላዬን አቀብይኝ።»