ቤት ከዳኝ ፍለጋ

የቤታችን ጣሪያ ማፍሰስ የጀመረው ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ከገባ በኋላ ነው። ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙ አይመስለኝም። ሣሩ አባቴ በሕይወት ሳለ የተከደነ ስለነበር ጊዜው ደርሶ ነበር። እናቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ የምትከሰው ጣሊያንን ነው።

እኔ ያኔ ማጀቴ ከሚባለው አገር ጥጥ እያመጣሁ ሮቢት ገበያ የምሸጥ፣ ሚስት ለማግባት የደረስኩ ሰው ነበርኩ። ጣሪያው ሲያስቸግረን ቆርቆሮ እናልብሰው አልኳት። የጣሊያኖቹ ጣቢያ ቆርቆሮ ለብሶ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ አላመነችኝም፤ ራሷ ሄዳ አየችው። ያየችው ወታደሮቹ በሙሉ በሙቀት የሚያቃጥለውን ቤት ትተው ግራር ሥር መቀመጣቸውን ነው። "ያሠሩት ሰዎች ያልተቀመጡበትን እኔ ልቀመጥበት?" አለችኝ ስትመለስ። የቆርቆሮ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ሣር ከተባለ ደግሞ ከዳኝ መፈለግ ግድ ነው። ቤት በሣር የሚከድነውን ሰው ከዳኝ እንለዋለን፤ "ዳ"ን ላላ አድርገን ነው የምንለው። አንባቢ ይህችን ነገር ልብ ይበልልኝ። እኔ ልብ ሳልላት ቀርቼ ሰው አሳስሬባታለሁ።

እናቴ ከዳኝ የምትመርጠው የሚለውን ሰምታ አልነበረም። ከሦስት ክረምት በፊት የከደናቸው ቤቶች የት እንዳሉ ታጠያይቅና፣ ዘመድ ልትጠይቅ እንደመጣች ሰው ትገባለች። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት ትጠይቃለች። ከዚያ ወገቧን ያመማት መስላ ትንጠራራና ወራጁን ቀና ብላ ታያለች። ውሃ የወረደበት እንጨት ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል። በዚህ መንገድ ሦስት ከዳኞችን ጣለች።

አራተኛው ከአርጎባዎቹ መንደር የሚመጣ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር። እናቴ እሱ የከደናቸውን አምስት ቤቶች አየች፤ መስመር የለም። ይበልጥ የወደደችው ግን ስንዋዋል "ወላሂ" አለማለቱን ነው። ሌሎቹ በየቃሉ ይምሉ ነበር። እሱ "ኢንሻአላህ፣ ከዝናቡ በፊት" ብቻ አለ። እናቴ "ይህን ሰው አምነዋለሁ" አለች። እናቴ ሰው አምናለሁ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ግንቦት ማለቂያ ላይ መጥቶ አሮጌውን ሣር በሁለት ቀን አወረደው። ቤታችን ወራጅና ማገር ብቻ ሆነ። ጎረቤት ሲያልፍ ሰላምታ የሚሰጠን በጣሪያው በኩል ነበር ማለት ይቻላል። አዲሱን ሰንበሌጥ ሰውየው ኅዳር ላይ አጭዶ፣ ወደ ደብረ ሲና በሚያወጣው ተራራ ጥግ፣ ጫካ ውስጥ ከምሮታል። ወደዚያ ለመሄድ ግን ከጣቢያው የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ አርበኞቹም ያሉት እዚያው ጫካ ነውና። ጣቢያው ደግሞ "የሚያሠራህ ሰው ምን እንደሆንክና ለምን እንደምትሄድ ጽፎ ይስጥህ" አለው።

ፊደል የቆጠርኩት አባቴ ቤታችን ካሳደረው አንድ ደብተራ ነው። በሰፈሩ ከእኔ ሌላ የሚጽፍ ስላልነበረ ትንሽ ኩራት ብጤ ነበረብኝ። ኩራት እንጂ ወረቀት አልነበረኝም። ከስኳር መጠቅለያ ላይ የመዳፌን ግማሽ የምታህል ቀደድኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የዚህ ወረቀት ያዥ ከዳኝ። ጫካ መግባት ይፈልጋል።" ፈረምኩበትም። አጭርና ግልጽ መሰለኝ። ሰውየው ማንበብ አይችልም። ወረቀቷን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጥምጣሙ ውስጥ ሸጎጣትና ሄደ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አንድ ጨው ነጋዴ "ከዳኛችሁን ጣቢያ አስረውታል" አለኝ። ለምን እንደታሰረ አያውቅም። እኔም ሄጄ አልጠየቅሁም። እዚህ ላይ ሰበብ ብደረድር ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ፈርቼ ነው። ጣቢያ የገባ ሰው ሲወጣ አላየሁም፤ ስሜም ወረቀቷ ላይ ነበር። ለእናቴ "ሣሩ ርቆበት ይሆናል" አልኳት።

አንድ ቀን ጠበቀች። ሁለት ቀን ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ያን ሰው ያመነችባቸውን አምስት ቤቶች ዞራ፣ ጣሪያ አፍርሶ የሚጠፋ ሰው ነው ብላ ተናገረች። ከዚያ ገበያ መጥታ ለቀሩት ሴቶች ደገመችው። ሰውየው በስንት ክረምት ያቆመው ስም በአንድ ረፋድ ወረደ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጥጥ እመዝን ነበር። አፍሬያለሁ፤ ቢሆንም መመዘኔን አላቆምኩም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ደመና መጣ። የመጀመሪያዋ ጠብታ እናቴ ግንባር ላይ አረፈች። እናቴ ቀና ብላ ባዶውን ወራጅ አየችና፣ ድምጿን ሳታሰማ ማለት ይቻላል፣ "ከዳኝ" አለች። "ዳ"ን አጥብቃ ነው ያለችው።

ሳልፈልግ ወረቀቴን በልቤ አነበብኩት። የዚህ ወረቀት ያዥ ከዳኝ። ጫካ መግባት ይፈልጋል። ፊደላችን ሲጠብቅም ሲላላም መልኩ አንድ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ጫካ የሚገባ ሰው ሣር ፍለጋ ነው ብሎ የሚያስብ ጣሊያን አልነበረም። ሰውየው የራሱን ክስ በገዛ እጁ ወስዶ አስረክቧቸዋል። ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ "ጠዋት ትሄዳለህ" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የጣቢያው አስተርጓሚ ከደጋ የወረደ፣ ሙቀቱ ያማረረው ሰው ነበር። ወረቀቴን አወጣና ፊቴ ዘረጋው።

"ከዳኝ ይላል" አለኝ፣ አጥብቆ።

"የለም ጌታዬ፣ ከዳኝ ነው የሚለው" አልኩ፣ አላልቼ።

"እኔስ ምን አልኩ?"

"እርስዎ ያሉት ከዳኝ ነው። እኔ የጻፍኩት ከዳኝ ነው።"

ጣሊያኑ ሹም አንዴ እሱን አንዴ እኔን ሲያይ ቆየና የምንከራከረው በምን እንደሆነ ጠየቀ። አስተርጓሚው ላብ በላብ እስኪሆን አስረዳው። ሹሙ በመጨረሻ፣ እውነት ሣር ከዳኝ ከሆነ ይክደንና እንየው አለ። ከግራሩ አጠገብ ለወታደሮቹ የሣር ዳስ እንዲሠራ ታዘዘ። ሣሩንም በሁለት ጠመንጃ ታጅቦ ከጫካው አመጣ። የእኛ ሰንበሌጥ ነው። ሥራው አራት ቀን ፈጀ፤ አራቱንም ቀን እኛ ላይ ዘነበ። ወታደሮቹ ወደ ዳሱ ገቡና ቆርቆሮው ቤት የዕቃ ማስቀመጫ ሆነ።

እናቴ በዚያ ሰሞን አምስቱን ቤቶች እንደገና ዞረች። "ሰውየው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የልጄ ነው" አለች። አንዲቱ ባለቤት "እኛስ መች አመንን" አለቻት። አራቱ ግን ወሬውን ወደ ከብት አዞሩት። እናቴ ወራጃቸውን ቀና ብላ ሳታይ ወጣች።

ሰውየው ሲፈታ ወደ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ነበር። እኛ ቤት መጣ። የተረፈውን ሰንበሌጥ በአህያ አስጭኖ፣ ከታዛው ጀምሮ ወደ ላይ ይከድን ጀመር። እኔ ከታች ነዶ አቀብላለሁ። "ጋሼ፣ ያ ነገር..." ብዬ አፌን ስከፍት "አቀብል" ይለኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ከእሱ አፍ የሰማሁት ይህንኑ ነው።

በመጨረሻው ቀን ጉልላቱ ሥር ሆኖ ልጥ ሲቋጥር፣ ወደ እኔ ሳያይ "ወረቀቱ ላይ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?" አለኝ።

"ከዳኝ" አልኩ፣ አላልቼ።

"እነሱስ ምን ብለው አነበቡት?"

"ከዳኝ።" አጥብቄ ነው ያልኩት።

ቋጠሮውን ጨረሰ። የልጡን ትራፊ በጥርሱ ቆርጦ ተፋና ቁልቁል አየኝ።

"የላላው እኔ ነኝ" አለ። "የጠበቀውን ማለት ያለብኝ ግን እኔ ነበርኩ።"

ከዚያ እጁን ዘረጋ። ነዶውን አቀበልኩት።

ያ ጣሪያ ጣሊያን ከሄደም በኋላ ብዙ ክረምት ቆየ። ዝናብ ባባራ ቁጥር ቀና ብዬ ወራጁ ላይ ጥቁር መስመር እፈልግ ነበር። አንድም ቀን አላገኘሁም።