ቦራ ከድንጋይ ስትወርድ

ሰጠኝ በመንደሩ ካሉት አራሾች ሁሉ የመጨረሻው ነበር። ትልሙ ይጣመማል፤ ሞፈሩ በየክረምቱ ይሰበራል። በሬዎቹ መሐል ማሳ ላይ ቆመው አንሄድም ሲሉት ከአጎራባች ማሳ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አያ ሰጠኝ፣ ቤንዚን አልቆባቸው ይሆናል፤ ጅራታቸውን ገልጠህ እያቸው እንጂ!» ይላል። የቀሩት ይስቃሉ። ሰጠኝ የተናገረውንም የሳቁትንም አይረሳም።

እርፍ የጨበጠው በአርባ ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ሾፌር ነበር። ዳባት ተወልዶ፣ ጎንደር ውስጥ አንድ ጋራዥ ብሎን እያጠበ አድጎ፣ በ1957 ዓ.ም. የፊታውራሪ ሀብተ ሚካኤል ላንድሮቨር ነጂ ሆኖ ተቀጠረ። መኪናዋ አረንጓዴ ስትሆን ኮፈኗ ላይ ነጭ ቀለም ፈስሶባት ስለነበር፣ ሰጠኝ ግንባሯ ነጭ እንደሆነ በቅሎ ቆጥሮ ቦራ ብሎ ጠራት። ዐሥር ዓመት ነዳት። ሌላ ሰው መሪዋን እንዲነካ አይፈቅድም፤ ፊታውራሪው ራሳቸው ልንዳ ቢሉ ፍሬኑ ታሟል ይላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ስለታም ድንጋይ የፊት ጎማዋን ሲሰነጥቀው፣ ትርፍ ጎማው ቀድሞ ተንፍሶ ስለነበር፣ የተሰነጠቀውን በመዳብ ሽቦ ሰፍቶ ደባርቅ አስገባት።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ፊታውራሪው ወደ ሱዳን ጠረፍ ወረዱ። ቁልፉን ለሰጠኝ ሰጥተው «ጠብቃት» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰጠኝ ቦራን ከመንደሩ ዳር ካለው የፊታውራሪው ጭድ ቤት አስገብቶ አራት ድንጋዮች ላይ አቆማት። አምስቱንም ጎማዎች ፈትቶ በጆንያ ጠቀለለና ቆጥ ላይ ሰቀለ። ሞተሩ እንዳይዝግ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አውልቆ በየቀዳዳው ዘይት አፈሰሰ። በመጨረሻ እስከ ጣሪያው ድረስ ጭድ ከመረባት።

ሦስት ዓመት ማንም አላያትም። በ1970 ያገኛት ይግዛው ነው። ይግዛው የሰጠኝ ሚስት የሸጊቱ ታላቅ ወንድምና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። በማኅበሩ መዝገብ ላይ «አንድ መኪና፣ የማይንቀሳቀስ» ብሎ ጻፈና ጭድ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ያዘ። ሰጠኝ የአድኃሪ ንብረት ደብቀሃል ተብሎ ዳባት ሰባት ወር ታሰረ። ሲመለስ መሬት ተከፋፍሎ አልቆ ነበር። ይግዛው ድንጋይ የበዛበት ተረተር ሰጠውና፣ «ይህንንም ያገኘኸው እህቴን ስላገባህ ነው» አለው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሲገናኙ ሰላምታ የሚሰጡት ሸጊቱ አጠገባቸው ካለች ብቻ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጓድ ድረስ የሚባል የአውራጃ ሹም ከደባርቅ በበቅሎ መጣ። የመሥሪያ ቤቱን ብቸኛ መኪና ፈንጂ አቃጥሏት ነበር። የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት የሚከበረው ከአንድ ወር በኋላ ስለሆነ በበዓሉ ቀን ከበቅሎ ላይ ሆኖ መታየት አልፈለገም። ጭድ ቤቱን አስከፈተና ቦራን ዞሮ አያት።

«ትነሣለች?» አለ።

ይግዛው ቀድሞ መለሰ፤ «ጓድ ድረስ፣ ይህ የፊውዳል ሬሳ ነው። ሬሳ አይነሣም።»

«አንተን አልጠየቅሁም።»

«ትነሣለች» አለ ሰጠኝ።

«እንግዲያው ስማ። እስከ ነሐሴ ሠላሳ በራሷ ሞተር ደባርቅ ካደረስካት አንተው ትነዳታለህ፤ የመንግሥት ሾፌር ትሆናለህ። ካላደረስካት ወደ በሬዎችህ ትመለሳለህ።»

ጓድ ድረስ ስለ ደመወዝም ስለ መኖሪያ ቤትም ተናግሮ ነበር። ሰጠኝ የሰማው ግን «ትነዳታለህ» የሚለውን ነው።

በማግሥቱ ሥራ ጀመረ። ይግዛው «ብሎን እንዳይሰረቅ» ብሎ ከማኅበሩ ሰባት ዘቦች ሁለቱን ጠመንጃ አስይዞ በር ላይ አስቀመጠ። ሰጠኝ ጭዱን ጠርጎ ሲጨርስ ኮፈኗ ሥር ሦስት የአይጥ ጎጆ አገኘ፤ ሽቦዎቹ ተበልተዋል። የሞተሩን ማስነሻ ብረት፣ ማኖቬላውን፣ አስገብቶ ሊያዞር ቢሞክር ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። ዝገት መስሎት ካንዴላዎቹን ፈታ። ጣቱን በቀዳዳው ሲሰድ ያገኘው ዝገት ሳይሆን ቡናማ ሙጫ ነበር። አሸተተው፤ ኑግ ነው።

ጥፋቱ የራሱ ነበር። በ1967 የሞተር ዘይት ስላጣ ሸጊቱን ለወጥ ያስቀመጠችውን የኑግ ዘይት ጠይቆ አራቱን ቀዳዳ ሞልቷል። ኑግ ሲቆይ እንደ ሙጫ እንደሚደርቅ የማሰሮ አፍ ያጠበች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ሰጠኝ ማሰሮ አጥቦ አያውቅም።

ወሬው ከዘቦቹ ወደ ይግዛው ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሊቀመንበሩ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ሞተሩን ቁሌት አደረግኸው አሉ?»

ሰጠኝ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ሽንኩርት ብትጨምርበት እኮ ሽታው ጌታህን ከሱዳን ይጠራቸው ነበር።»

ዘቦቹ ተንከተከቱ። ሰጠኝ በየቀዳዳው ላምባ አፈሰሰ፤ በየጧቱ ውኃ አፍልቶ ሞተሩን በሙቅ ጨርቅ ይጠቀልለዋል። በስድስተኛው ቀን የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈታ። ብረቱን እንዳይጭረው ወይራ ጠርቦ በእንጨቱ ሙጫውን ይፍቅ ጀመር። ዝናቡ በጣሪያው ላይ ይወርዳል፤ እሱ ከጧት እስከ ማታ ይፍቃል። በዘጠነኛው ቀን ማኖቬላው የጥፍር ያህል ተንቀሳቀሰ። ሰጠኝ ቁጭ ብሎ እጆቹን በጭድ ጠረገና እንደገና ተነሣ።

ጎማዎቹን የፈለገው ያን ጊዜ ነው። ቆጥ ላይ ጆንያዎቹ ባዶ ሆነው ተጣጥፈዋል። አንዱ ቸርኬ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ከባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የስብሰባ ደወል ሆኗል። አራቱ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ሣር በቅሎባቸው ተገኙ። ብረቱ ብቻ ነው የቀረው፤ ጎማ የለም።

«ጎማዎቹስ?» ብሎ ይግዛውን ጠየቀው።

«የትኞቹ ጎማዎች? መዝገቡ የማይንቀሳቀስ መኪና ነው የሚለው። የማይንቀሳቀስ ነገር ጎማ ምን ያደርግለታል?»

ሰጠኝ ከጽሕፈት ቤቱ ሲወጣ ዐይኑ መሬት ላይ ነበር። ከደጃፉ ጀምሮ የቦራ ጎማ ጥርስ ጭቃው ላይ ታትሟል፤ መኪና እንደሚሄደው በሁለት መስመር ሳይሆን ሰው እንደሚራመደው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ። ዱካውን ተከትሎ ሄደ። እስከ ዘቦቹ ቤት፣ ከዚያም እስከ ይግዛው ደጅ ደረሰ። ጎማዎቹን ቆርጠው በረባሶ ጫማ አድርገዋቸዋል።

ቤት ገብቶ ለሸጊቱ ነገራት። ገብስ እያበጠረች ነበር፤ ሰፌዱን አላቆመችም።

«ታውቂ ነበር?»

«እግሩ የሚረግጥ ሁሉ ያውቃል። አንተ ዳባት ሳለህ ነው የቆረጡት።»

«ለጓድ ድረስ እነግረዋለሁ።»

አሁን ሰፌዱን አስቀመጠች። «አትነግረውም። ለወንድሜ ስትል ዝም በል።»

«ወንድምሽ ለእኔ ሲል ምን አደረገ?»

«በሕይወት አለህ» አለች። «በዚያ ዓመት ካንተ ጋር ከገቡት ስንቱ ወጣ? ሰባት ወር ብቻ ያሰሩህ ለምን ይመስልሃል?»

ሰጠኝ ይህን ለራሱ ጠይቆት አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጠየቀውም። «ጎማ ከሌላ ቦታ ያመጡልኛል» ብሎ ወጣ።

ነሐሴ ሃያ ስድስት ከቀትር በኋላ፣ ከደባርቅ የመጣለትን ባትሪ ገጥሞ ካርቡራቶሪውን ለአምስተኛ ጊዜ አጥቦ ማኖቬላውን ሲያዞር ሞተሩ ሳለ፤ ዝም አለ፤ እንደገና ሳለና ያዘ። ነጭ ጢስ ጭድ ቤቱን ሞላው። ሰው ከየማሳው እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው ቆሞ መኪናዋ በድንጋይ ላይ እንዳለች ስትንቀጠቀጥ ያያል። «እንኳን ደስ አለህ» ያለው የለም። አንዲት አሮጊት፣ «የፊታውራሪውን መኪና ደግሞ ከመቃብር አወጣብን!» ብላ ምራቋን እንትፍ አለች። ሰጠኝ በሰው መሐል ሸጊቱን ፈለገ፤ ዐይኖቻቸው ሲገናኙ ፊቷን አዞረች።

በማግሥቱ ጓድ ድረስ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ሞተሩን አስነሥቶ ሰማ፤ ፊቱ በራ። ጎንበስ ሲል ግን ከመኪናዋ ሥር ድንጋዮቹን አየ።

«ጎማዋስ?»

«እሱን ይጠይቁት» አለ ይግዛው። «እኛ ከመምጣታችን በፊት ቁልፉ በእሱ እጅ ነበር። ሸጦት ይሆናል።»

ሰባቱም ዘቦች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጓድ ድረስ ወደ ሰጠኝ ዞረ። «ሸጠሃል?»

ሰጠኝ የእጁን ቅባት በጨርቅ ጠረገ።

«ከሸጥህ ሾፌርነቱ ይቀራል። የቀረውን ዳባት ላይ ይጠይቁሃል፤ መንገዱን ታውቀዋለህ።»

ሸጊቱ ከሴቶቹ ጋር ከጭድ ቤቱ ግንብ ሥር ቆማ ነበር። ራሷን አንድ ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀች። ሰጠኝ አይቷታል። ከዚያ ቦራን አየ፤ ሞተሩ ገና አልጠፋም ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበሩ እግሩን ያንሣ» አለ።

«ምን አልክ?» አለ ጓድ ድረስ።

«እግሩን ያንሣ። ዘቦቹም ያንሡ።»

ይግዛው አላነሣም። ጓድ ድረስ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሰጠኝን አይቶ፣ «አውልቁ» አለ። ስምንት ጥንድ በረባሶ ወለቀ። ሰጠኝ ጭዱ ላይ ተንበርክኮ፣ የተሰበረ ማሰሮ እንደሚገጥም ሰው ጫማዎቹን ገልብጦ ጎን ለጎን ይደረድር ጀመር። ጥርሶቹ አንዱ ካንዱ ገጠሙ። ከአንደኛው ዘብ ግራ ጫማ ጠርዝ ላይ የመዳብ ሽቦ ብቅ ብሏል።

«ይቺን ሊማሊሞ ላይ እኔ ነኝ የሰፋኋት።»

ጓድ ድረስ ሳቀ። ከእሱ ሌላ የሳቀ አልነበረም። «የሕዝብ ንብረት ብለህ መዘገብህ፤ ሕዝቡም ተጫማው» አለው ይግዛውን።

ይግዛው በባዶ እግሩ ቆሞ፣ «ባዶ እግሩን የሚጠብቅ ዘብ እንዳይኖር ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ» አለ። «ጫማ ግን አልላካችሁም።»

የጓድ ድረስ ሳቅ እዚያው ቆመ። ይግዛው ያን ዕለት ከሊቀመንበርነቱ ወረደ፤ ወደ ሰሜን በሚዘምተው ሚሊሺያ ዝርዝርም ስሙ ተጻፈ። ጫማዎቹ ለማስረጃ በጆንያ ተሰበሰቡ። ይግዛውን ሁለቱ ወታደሮች በጭቃው መሐል ወደ ደባርቅ ሲወስዱት፣ ሰጠኝ አጠገብ ሲደርስ ቆመና፣ «ሰባት ወር» አለው። «ሞት ነበር የጻፉልህ። ሰባት ወር ያስባልሁት እኔ ነኝ።» ወታደሩ ገፋው፤ ሄደ።

አራት ያገለገሉ ጎማዎች ከጎንደር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጡ። ሰጠኝ ደወሉን ከባሕር ዛፉ አውርዶ ትርፍ ቸርኬ አደረገው። ነሐሴ ሠላሳ ጧት ቦራን በክሪክ አንሥቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወጣ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ረገጠች። እስከ ቤቱ ደጅ ነዳት፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

ሸጊቱ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ዕቃዋን አላሰረችም።

«ተነሺ እንጂ። ደባርቅ ቤት ይሰጡኛል።»

«ሂድ።»

«ሸጊቱ፣ ባልናገር እኔን ይወስዱኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ቢወስዱህም እጠብቅህ ነበር። ሰባት ወር ጠብቄህ የለም?»

«አሁንስ?»

«አሁን የምጠብቀው ወንድሜን ነው» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ሰጠኝ ግን ተከትሏት አልገባም።

ከመንደሩ እስከ ዋናው መንገድ በእግር የአንድ ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ጠባብ ሲሆን ከሁለቱም ወገን የድንጋይ ካብ አጥሮታል። ዕለቱ የዳባት ገበያ ስለነበር ሰዉ ጭነቱን ይዞ ከፊቱ ይሄዳል። ሰጠኝ ጥሩምባ ነፋ። አንድ ሰው ዞር ብሎ አየውና መልሶ ፊቱን አዞረ። ደግሞ ነፋ፤ ማንም ወደ ዳር አልወጣም። ባዶ እግራቸውን የቀሩት ዘቦች መሐል መንገዱን ይዘው፣ እንደወትሮው ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ እያወሩ ይራመዳሉ። አንዱ ቆሞ ከእግሩ እሾህ ነቀለ፤ ሌሎቹም አብረውት ቆመው ጠበቁት። ቦራም ቆመች።

ሰጠኝ ሦስተኛ ጊዜ አልነፋም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጀርባ ጀርባቸውን እያየ ተከተላቸው።