ቶርጊልስ ሰኞ አይወጣም

ቶርጊልስ ግትር ነው። ይህን የምለው ጠልቼው አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በአንድ መንደር ኖረናል፣ ያጠመደውንም አሣ ሁሉ ወደቡ ላይ የመዘንኩለት እኔ ነኝ። የጀልባ ባለቤቶቻችን የማጥመጃ ፈቃዳቸውን ለትልልቅ ድርጅቶች እየሸጡ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሬይክያቪክ ሲፈልሱ እሱና ጥቂት መሰሎቹ ብቻ ቀሩ። «እኔ ከሸጥኩ እዚህ ማን ያጠምዳል?» ይል ነበር።

ዘንድሮ ሞተሩ ተሰበረ። መለዋወጫው እስኪመጣ ብርዱም በጋውም አለፈ። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አሣ ያላስመዘነ ጀልባ ፈቃዱ ይሰረዛል። ፈቃድ የሌለው ጀልባ ደግሞ ከማገዶ አይሻልም።

ሞተሩ የተነሣው የማጥመጃው ዓመት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ነው። እሁድ ወጥቶ አንድ አሣ ቢያመጣ ይበቃው ነበር። እሁድ ግን ማዕበሉ ከወደቡ ግንብ በላይ ሲዘል ዋለ፣ ማንም አልወጣም። የቀረችው ሰኞ ብቻ ሆነች።

እኛ ጋ የዓመቱን የመጀመሪያ ጉዞ ሰኞ የሚጀምር የለም። አንዴ ከጀመሩ ወዲያ ሰኞም ይወጣል፣ ግድ የለም። መጀመሪያው ሰኞ ከሆነ ግን ጀልባው አይመለስም ይባላል። ወጣቶቹ ይስቁበታል፤ ይሁንና እነሱም እሁድ ለወጉ ያህል ወጣ ብለው ይመለሳሉ። የቶርጊልስ ታላቅ ወንድም ከልቡ ስቆ ሰኞ ጀመረ። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም።

ሰኞ ጧት ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ሌሎቹ ዓመቱን ቀደም ብለው ስለጀመሩ ሁሉም ወጥተዋል። ቶርጊልስ መንጠቆውን አዘጋጅቶ ጀልባው ላይ ተቀምጧል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው ሚስቱ ስቴይንቮር።

«ሰኞ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እዚያች አለት ጋ ደርሰህ አንድ አሣ ይዘህ ና አልኩህ እንጂ ግሪንላንድ ሂድ አልኩህ?»

«ወንድሜም ሩቅ አልሄደም።»

«እንግዲያው ተነሥ፣ እኔ ልውጣ።»

«አንቺን ነው ለሰኞ የምሰጠው?»

እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። «ቶርጊልስ፣ ዛሬ እስክትመለስ ሚዛኑን አልዘጋም። የጣት ያህል አሣ ብታመጣ እመዝንልሃለሁ።»

«አስዲስ፣ አንቺ የምትመዝኚው ደረቅ መሬት ላይ ቆመሽ ነው» አለኝ።

ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው፤ ያዘጋጀውን መንጠቆ እየፈታ እንደገና ያዘጋጅ ነበር። ስቴይንቮር ጥላን ወደ ቤቷ ሄደች። እሱ እስኪመሽ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ቀኑ አለፈ፣ እኔም ሚዛኑን ዘጋሁ።

ማክሰኞ ጧት የባሕር ልብሱን ለብሶ መጣ። ፈቃዱ መሰረዙን ያውቃል፤ እንዲያው እግሩ አምጥቶት ነው።

«ትናንት የወጡት ተመለሱ?» አለኝ።

«ተመለሱ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«የአንዱ ሞተር ቆሞበት ነበር፣ ሌላው ሊሰጥም ምንም አልቀረውም» ብዬ ልዋሽለት አሰኘኝ። ዐይን ዐይኔን እያየ እንዲህ ያለ ነገር ይጠብቅ ነበር። ነገር ግን ባሕሩ እንዴት እንደዋለ እሱም አይቶታል።

«እኔም እመለስ ነበር ማለት ነው» አለና ሚዛኑ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።