ዝም ያለችው ላም

መምህራችን እጆቹን የጋውኑ ኪስ ውስጥ እንደከተተ፣ «ተመልከቱ፤ ዝም ብላለች። ቢያማት ኖሮ ትጮህ ነበር» አለን።

ላሟ ዝም ብላ ነበር፤ እውነቱን ነው። ግራ ጎኗ ተላጭቶ፣ ቆዳዋ ወደ ሆዷ ተሰንጥቆ፣ ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ደሙን በፋሻ ይጠርጋሉ። እኔ ራሷ አጠገብ ቆሜ ገመዱን ይዣለሁ። እግሮቿ ሲንቀጠቀጡ አያለሁ፤ ጥርሷን ስታፋጭም ይሰማኛል። ከብት ጥርሱን ካፋጨ ሕመም እንዳለበት ያስተማረን ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ይኸው ሰው ነው፤ በዚያው ዓመት፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ።

ጊዜው ባጃጅ ከሚሴ ውስጥ ገና መብዛት የጀመረበት ነበር። እኔ ከከተማዋ ብዙም በማይርቅ ማሰልጠኛ የእንስሳት ጤና እማራለሁ። አባቴ የጨፋ ገበሬ ነው፤ ማሽላና ከብት። አንድ ዓመት በሽታ ገብቶ በረታችን ሊራቆት ሲደርስ፣ የሚያክም ሰው ፍለጋ ሲንከራተት አይቼዋለሁ። ትምህርቱን የመረጥኩት በዚያ ምክንያት ነው። ከብት ማዳን ልማር ብዬ ነው የሄድኩት።

ላሟ ወተቷ የነጠፈ ቀይ ላም ናት፤ ለልምምድ ተብላ ከሰንበቴ ገበያ የመጣች። የልምምዱ ዓላማ ጨጓራን ከፍቶ መስፋት ነው። ከብት ፕላስቲክ ወይም ሽቦ ሲውጥ የሚሠራ ሕክምና ስለሆነ መማሩ ተገቢ ነው፤ በዚህ ጠብ የለኝም። የተጣላሁት በሌላው ነው። የማደንዘዣው ጠርሙሶች እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በመስታወት ካቢኔ ተደርድረው ይታዩ ነበር። ካቢኔው ተቆልፏል። ለምን እንደተቆለፈ ስንጠይቅ መምህሩ፣ «ከበላይ እንግዶች ሲመጡ ሠርተን የምናሳየው ነገር ያስፈልገናል» አለን። እንግዳ ሲኖር ላም ያማታል፤ እንግዳ ከሌለ አያማትም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቡድን ከፍቶ ሰፋት። ቁስሉ ሳይደርቅ ሁለተኛው ቡድን እዚያው ቦታ ላይ ከፈታት፤ ገመዱን የያዝኩት ያን ቀን ነው። ቀጥሎ የእኛ ቡድን ተራ ደረሰ። ላሟን ወደ ማሰሪያው ሲያመጧት አልሄድ ብላ ተንበረከከች። ጭራዋን ጠምዝዘው አስነሷት። ስፌቱ አብጦ መግል ይዟል። መምህሩ ምላጩን ለእኔ አቀበለኝ።

«ቲቸር፣ ማደንዘዣው ይሰጣት» አልኩ።

«አንቺ ቁረጪ።»

«ከተሰጣት እቆርጣለሁ። ካልተሰጣት አልቆርጥም።»

«ልትማሪ ነው የመጣሽው ወይስ የላም ጠበቃ ልትሆኚ?»

ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ምላጩን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከሰንበቴ ወገን የመጣች አርጎባ ጓደኛ ነበረችኝ፤ አንድ አልጋ ላይ ከላይና ከታች የምንተኛ። እሷም ጓንቷን አውልቃ ከጎኔ ቆመች። «ወላሂ እኔም አልነካትም» አለች። መምህሩ በሩን በእጁ አሳየን። ስንወጣ ምላጩን ሌላ ተማሪ አነሳው።

የማሰልጠኛው ኃላፊ ቢሮ ጠርቶን፣ መምህር ደፍራችኋል፣ ይቅርታ ጠይቁ አለን። ስለ ላሟ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። እኔ ስለ ላሟ ባወራሁ ቁጥር እሱ ስለ ዲሲፕሊን ይመልስልኛል። በመጨረሻ ወላጅ አምጪ ተባልኩ።

አባቴ በሚኒባስ መጣ። የገበያ ጋቢውን ለብሶ፣ ኃላፊው ፊት እጆቹን አጣምሮ ሲቆም ሳየው ውስጤ ነደደ። እሱ የታመመች ጊደር ካለችው እህል የማይወርድለት ሰው ነው። እንደሚረዳኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ወደ ግቢው ወጥተን ዛፍ ጥላ ሥር ስንቀመጥ ግን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰው፤

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ላም ናት እኮ። ይቅርታ በይና ትምህርትሽን ጨርሺ።»

«አባ፣ ሄደህ እያት። ጎኗን እየው።»

«አላይም።»

«ለምን?»

«ካየሁማ አንቺን ይቅርታ በይ ማለት አልችልም። ከብቴ ሊያልቅ ሲል አይቻለሁ። አንቺ ደግሞ ተባርረሽ ስትመጪ ልይ?»

ያን ጊዜ ከመምህሩ ይልቅ በአባቴ ተናደድኩ። መምህሩ አያማትም ብሎ ራሱን አሳምኗል፤ አባቴ ግን እንደሚያማት ያውቃል፤ እያወቀ ነው ተይ የሚለኝ። ዛሬ ልጆች ወልጄ ሳስበው ፍርሃቱ ይገባኛል። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ አቅጣጫው ተቀየረ እንጂ። አንድ ገበሬ በልጁ እንጀራና በላም ስቃይ መካከል እንዲመርጥ ያደረገው ያ የካቢኔ ቁልፍ ነው።

ጓደኛዬ ይቅርታ ጠየቀች። የትምህርቷን ወጪ የሚችልላት ወንድሟ ነበር፤ አልፈርድባትም። እኔ እምቢ አልኩ። ለዓመቱ ታገድኩ።

ልብሴን ሰብስቤ ሳልጨርስ ላሟ ሞተች። መምህሩ እንድትቀበር እንኳ አልፈቀደም፤ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ሆዷን አስከፈተ። መግል ሞልቶት ነበር። ጓደኛዬ መኝታ ክፍላችን ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«ምን አለ መሰለሽ?» አለችኝ። «ሞታም እያስተማረችን ነው አለ።»

ምን እንዳስተማረቻቸው ልንገራችሁ። ያ ክፍል ሙሉ ወጣት፣ በካቢኔ ውስጥ መድኃኒት እያለ ያለ መድኃኒት ሥጋ መቅደድን ተማረ። ጠያቂ ሲመጣ መድኃኒቱን ማውጣት ተማረ። የሚንቀጠቀጥ እግር እያየ አላየሁም ማለትን ተማረ። እነዚህ ሰዎች ተመርቀው ወደ ገበሬ በረት ነው የሚሄዱት።

አባቴ ቤት ዓመቱን ከብት ስጠብቅና ስናደድ አሳለፍኩት። በዓመቱ ስመለስ መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ፣ በቦታው አንዲት ሴት መምህርት መጥታለች። የቀዶ ሕክምናው ሳምንት ሲደርስ የወሰደችን ወደ ከብት ማሰሪያው አልነበረም። ወደ ከሚሴ ቄራ ነው። የታረደ በሬ ጨጓራና ቁራጭ ቆዳ በማዳበሪያ ከረጢት አስጭናን በባጃጅ ተመለስን፤ ባለ ባጃጁ እስኪያወርደን ድረስ አጉረመረመ። ጨጓራውን አጥበን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነውና መቁረጥና መስፋት ተለማመድን። የተበላሸው ስፌት ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል፤ የሚንቀጠቀጥ የለም።

«እጃችሁ ይህን ሳይለምድ» አለችን መምህርቷ፣ «ነፍስ ያለው እንስሳ አትነኩም።» ነፍስ ያለው ሲመጣም አንድ በግ ነበር። ማደንዘዣ ወጋነው፣ ቆየን፣ በመርፌ ጫፍ ነክተን እንዳልተሰማው አረጋገጥን፣ አንዴ ከፍተን ሰፋነው፤ እስኪድን ድረስ በተራ አስታመምነው።

ከቄራ ያመጣነውን ጨጓራ ስሰፋ እንባዬ ጠብ ጠብ አለ።

«ሽታው ነው?» አለችኝ መምህርቷ።

«አይደለም። ይቻል ነበር» አልኳት። «ቄራው ዓምናም እዚያው ነበረ።» ከዚያ ስለ ላሟ ነገርኳት፤ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ተመርቄ በጨፋ ሸለቆ ሥራ ከጀመርኩ ከዓመታት በኋላ፣ በሰንበቴ የከብት ገበያ ቀን ያን መምህር አየሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። ከሩቅ አውቆኝ እየሳቀ መጣ። «አሰላሙ አለይኩም! ጎበዟ ተማሪዬ!»

ሰላምታውን መለስኩ፤ እጄን ግን አልሰጠሁትም። «ጎበዝ ከሆንኩ ለምን አባረርከኝ?» አልኩት።

«ያኔ በጀት አልነበረም፤ አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ማደንዘዣው ካቢኔ ውስጥ ነበር። ቄራው ከተማው ውስጥ ነበር።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ለአንዲት ላም እስከ ዛሬ ቂም ይዘሻል?»

«ይዣለሁ» አልኩት፤ ወደሚጠብቁኝ ከብቶችም ሄድኩ።