የእትዬ ዘይነባ ክንድ

በቀደም አዳማ ገበያ ዳር ሳልፍ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ የላምባና የሳሙና ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ቢመታኝ እግሬ ባለበት ቀረ፤ የእትዬ ዘይነባ ሱቅ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

እትዬ ዘይነባ በልጅነቴ ከወሎ መጥተው ሰፈራችን ሱቅ የከፈቱ፣ ከረሜላ የሰረቀን ልጅ ጆሮውን ቆንጥጠው በሌላ ከረሜላ የሚሸኙ ወፍራም ሴት ነበሩ። ፊት ለፊታቸው አልማዝ የምትባል ዝምተኛ ሴት ከሹፌር ባሏ ጋር ትኖር ነበር፤ ከባድ መኪናው ደጅ በቆመ ቁጥር ጩኸቷ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ይሰማል፣ ሰፈሩም በሩን ይዘጋል።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ንፋሱ አቧራውን እያነሳ ሲገርፈን፣ አልማዝ ፊቷ በደም ተሸፍኖ ከበሩ ብቅ አለች፤ ባሏ ፀጉሯን ጨምድዶ መልሶ ወደ ውስጥ ጎተታት። እናቴ ዓይኔን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ ዘይነባ መንገዱን ሲያቋርጡ ስታይ፣ «ተይ ዘይነባ፣ በባልና በሚስት መሃል አትግቢ!» ብላ ጮኸች።

«ነገ ሬሳዋ ላይ ልታለቅሱ ትመጡ የለም? በሕይወት ሳለች ኑ!» አሉና ገቡ።

ሰውየው በጎማ መፍቻ ብረት ቀኝ ክንዳቸውን መታቸው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እኔም ሰማሁት። ያኔ ነጠላዋን እላዬ ላይ ጥላ መጀመሪያ የሮጠችው እናቴ ነበረች፤ ከኋላዋ ሰፈሩ ሁሉ ጎረፈ። ብረቱን ነጥቀው ሰውየውን መሬት ላይ ጣሉት፣ ረገጡት፣ ጥርሱ አፈር ላይ ተበተነ፤ አንዱ ጎረምሳ ትልቅ ድንጋይ ጭንቅላቱ ላይ ሊለቅበት ከፍ አደረገ።

እትዬ ዘይነባ የተሰበረ ክንዳቸው እየተንጠለጠለ ሄደው የወደቀው ሰውዬ ጀርባ ላይ ዘፍ አሉበት። «በቃ! ወድቋል፤ የወደቀ አይመታም። ፖሊስ ጥሩ!» በእሳቸው ክብደት እሱ መነሳት አልቻለም፣ ጎረምሳውም ድንጋዩን ወደ ጎን ከመጣል በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ሰውየው ታሰረ። አልማዝ አንድ ዓይኗን አጥታ ቡልቡላ፣ ቲማቲም አብቃይ እህቷ ዘንድ ገባች፤ በቲማቲም ወቅት ለእትዬ ዘይነባ አንድ ሣጥን ሳትልክ የቀረችበት ዓመት አልነበረም። የእትዬ ዘይነባ ክንድ ግን አልተቃናም፤ ስኳር በግራቸው ይመዝኑ ጀመር፣ ግራቸውም ከቀኛቸው ይልቅ ቸር ነበረች። ከዚያ ወዲያ ጩኸት የሰማ ሁሉ ይወጣል፣ የወደቀውንም ማንም አይነካም፤ ይህን ደንብ የጻፈው የለም፣ የረሳውም አልነበረም።

ዛሬ ዙሪያው ግንብ በሆነ፣ በሩን ዘበኛ በሚጠብቀው ግቢ እኖራለሁ፤ የጎረቤቴን ስም ግን አላውቅም። ከግንቡ ወዲያ ሴት ብትጮኽ እወጣለሁ ብዬ ለመማል አፌን ከፍቼ፣ ሳልምል ዘጋሁት።